በየሃያ ዓመቱ እንደ አዲስ የሚሠራው ጥንታዊ መቅደስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን በጃፓን ሚኤ ግዛት ስለሚገኘው የኢሴ ቤተ መቅደስ በአጭሩ አውስተን ነበር። ቦታው ሺንቶ በተባለው በጃፓናውያን ነባር ሃይማኖት ከሁሉ የላቀ ክብር ያለው ጥንታዊ ሥፍራ መሆኑን ከጻፍን በኋላ፣ አሁን የሚታየው ሕንፃ የቆመው በ2013 ነው ብለን ያለ ማብራሪያ ማለፋችን ብዙ አንባቢያንን ግራ አጋብቷል። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስድስቱን መርጠን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተናል። ዓመታቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «በ2013 የተሠራን ቤት ጥንታዊ ማለት እንዴት ይቻላል? የላሊበላ ድንጋይ ያኔም ዛሬም ያው ድንጋይ ነው። አፍርሶ መልሶ የሚሠራ ነገር ቅጂ እንጂ ቅርስ ሊባል አይገባውም።» (የሥነ ሕንፃ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ክርክርዎ ተገቢ ነው፤ ነገሩን ዘልለን ያለፍነው እኛ ነን። ኢሴ አንድ ቤት ሳይሆን 125 ታላላቅና ታናናሽ መቅደሶች በአንድ ስም የሚጠሩበት ሥፍራ ነው። ከሁለቱ ዋና ዋናዎች አንደኛው የፀሐይ አምላክ የምትባለው የአማቴራሱ ማደሪያ ሲሆን ናይኩ፣ ማለትም የውስጠኛው መቅደስ ይባላል፤ ሁለተኛው የምግብ አምላክ የሆነችው የቶዮውኬ ማደሪያ ሲሆን ጌኩ፣ ማለትም የውጭኛው መቅደስ ነው። በሁለቱም ዘንድ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት እኩል ቦታዎች አሉ። በአንደኛው ላይ መቅደሱ ቆሞ ሳለ፣ ሌላኛው ነጭ ጠጠር ለብሶ ባዶውን ይቆያል፤ በመካከሉ የምትታየው አንዲት ትንሽ የእንጨት ጎጆ ብቻ ናት፤ እርሷም ከመቅደሱ ወለል ሥር የሚተከለው «የልብ ምሰሶ» የነበረበትንና ወደፊትም የሚቆምበትን ነጥብ ትሸፍናለች።

ሃያ ዓመት ሲሞላ አዲሱ ቤት በባዶው ቦታ ላይ ይሠራል። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱ ቤቶች፣ አንደኛው እንደ ወርቅ እያበራ ሌላኛው ግራጫ ሆኖ፣ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ከዚያም አምላኳ በሌሊት ወደ አዲሱ ትዛወርና አሮጌው ይፈርሳል። የሚታደሰው ደግሞ ቤቱ ብቻ አይደለም፤ አጥሩ፣ መግቢያ ድልድዩ፣ ለአምላኳ የሚቀመጡት አልባሳት፣ ሰይፎችና የሽመና መሣሪያዎች፣ በጠቅላላው በ714 ዓይነት የሚመደቡ 1,576 ዕቃዎች ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራሉ። ሥርዓቱን ያሰበው ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ ሲሆን፣ የፈጸመችው በዙፋኑ የተተካችው ሚስቱ ጂቶ ናት፤ የውስጠኛው በ690፣ የውጭኛው በ692 ለመጀመሪያ ጊዜ ታደሱ። የ2013ቱ 62ኛው ነበር።

ጃፓናውያን ይህን ልማድ የያዙት ለዘመናት የሚቆም የእንጨት ቤት መሥራት ስለማይችሉ ነው ብሎ መገመት ይቀናል። ግምቱ ግን አያስኬድም። በናራ አቅራቢያ ያለው የሆርዩጂ የቡድሃ ገዳም ከእንጨት የተሠራ ሆኖ 1300 ዓመት ገደማ ቆሟል፤ ምሰሶዎቹ በድንጋይ ላይ ያረፉ፣ ጣሪያው በሸክላ የተከደነ ስለሆነ ነው። የጂቶ ዘመን ሰዎች ይህን ጥበብ ያውቁታል፤ አውቀውም ለኢሴ አልፈለጉትም። የኢሴ ምሰሶ በቀጥታ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ቀለም አይቀባም፣ ክዳኑም ሣር ነው፤ ቅርጹም ከጥንቱ የሩዝ ጎተራ የተወሰደ ነው። ባሕር ዛፍ አቁሞ ጎጆ የቀለሰ ሰው ሁሉ እንጨቱ ከየት በኩል እንደሚበሰብስ ያውቃል፤ ከግርጌው፣ አፈሩና አየሩ ከሚገናኙበት ላይ ነው። ስለዚህ ቤቱ ከመጀመሪያው እንዲያረጅ ሆኖ የታነጸ ነው ማለት ይቻላል። በ927 የተጠናቀቀው የመንግሥት የሥርዓት መጽሐፍ፣ ኤንጊሺኪ፣ መቅደሱ በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ እንዲሠራ ያዛል እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። ለእኔ የሚያሳምነኝ የአናጢዎቹ ስሌት ነው፦ በሃያ ዓመቱ መዶሻ አቀባይ የነበረ ወጣት በአርባ ዓመቱ ዋና ሠራተኛ ይሆናል፣ በስልሳ ዓመቱ ደግሞ ሌሎችን ያስተምራል። ከዚህ የረዘመ ክፍተት ቢኖር ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገርበት ድልድይ ይሰበር ነበር።

አንድ ጊዜም ተሰብሯል። ጃፓንን የእርስ በርስ ጦርነት ባመሳት ዘመን የውጭኛው መቅደስ ከ1434 እስከ 1563፣ የውስጠኛው ደግሞ ከ1462 እስከ 1585 ሳይታደሱ ቀሩ። መንግሥቱ ገንዘብ አልነበረውም። ሥርዓቱን መልሰው ያስነሡት ሴይጁን እና ሹዮ የሚባሉ፣ ኬይኮይን ከተባለ ገዳም የወጡ፣ በየአገሩ እየዞሩ ገንዘብ የለመኑ ሁለት የቡድሃ መነኮሳዪት ናቸው። የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት በኢሴ የቡድሃ ሃይማኖት ነገሮች በስማቸው እንዳይጠሩ የተከለከሉ እንደነበሩ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቡድሃ መጻሕፍት «የተነከረ ወረቀት»፣ ገዳሙ «የሸክላ ክዳን»፣ ራሱን የተላጨው መነኩሴ ደግሞ፣ በምጸት ይመስላል፣ «ባለ ረጅም ፀጉር» ይባሉ ነበር። ስማቸው እንኳ በቦታው የማይነሣ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ቦታውን ያተረፉት።

ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የዘለቀው መቋረጥ ቅጂ ስለሚሉት ነገርም መልስ ይሰጣል። መቅደሱ ከ690 ጀምሮ አንዲት ጣት ሳይለወጥ ቆይቷል የሚለው የአስጎብኚዎች አነጋገር ትክክል አይደለም። የቀድሞውን ቤት በዓይኑ ያየ አናጢ በሕይወት ባልነበረበት ጊዜ፣ ከመዝገብና ከአፍ ወሬ ተነሥተው የሠሩት ሰዎች በልኩም በአቀማመጡም ላይ ለውጥ አድርገዋል፤ በ1889 ደግሞ የውስጠኛው መቅደስ ዕቃ ቤቶች ከዋናው ቤት ኋላ እንዲሆኑ ተደርጓል። እንደ ላሊበላ ድንጋዩ ራሱ ምስክር የሚሆንበት ቅርስ እንዳልሆነ ልስማማልዎ እችላለሁ፤ ኢሴ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥም የለም። ነገር ግን የ1300 ዓመት ዕድሜ ያለው እንጨቱ ሳይሆን ሥራው ነው፤ ሥራ ደግሞ የሚቆየው ሲሠራ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «በየሃያ ዓመቱ ይህን ሁሉ እንጨት መቁረጥ ደንን ማጥፋት አይሆንም? የፈረሰውስ እንጨት የት ይገባል?» (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለአንድ እድሳት ከ10,000 በላይ የሂኖኪ ግንድ ያስፈልጋል። ሂኖኪ ከጥድ ጋር የሚዛመድ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ጥንት እንጨቱ የሚመጣው ከመቅደሱ ጀርባ ካለው ተራራ ነበር፤ ትልልቁ ሲያልቅ ወደ ሌሎች ተራሮች ተሻገሩ፤ ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ወዲህ ደግሞ በናጋኖ ግዛት ካለው ከኪሶ ደን ይቆረጣል። እንግዲህ ስጋትዎ ቀድሞም የደረሰ ነገር ነው። መልስ የተገኘለት በ1923 ሲሆን፣ መቅደሱ 5,500 ሄክታር ገደማ በሚሆነው በራሱ ደን ውስጥ የ200 ዓመት የችግኝ ዕቅድ ጀመረ። ለዋና ምሰሶነት የታጩት ዛፎች በግንዳቸው ላይ ሁለት ነጭ ቀለበት ተቀብቶባቸው ይታያሉ። በ2013ቱ እድሳት ከእንጨቱ ሩብ ያህሉ፣ ከመቶዎች ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከመቅደሱ ከራሱ ደን ተገኘ። ችግኙን ከተከሉት ሰዎች መካከል ዋናውን ምሰሶ የሚያይ አንድም አይኖርም።

የመጀመሪያዎቹ ዛፎች አቆራረጥ በተለይ ሊነገር ይገባዋል። ነጭ የለበሱ ቆራጮች 300 ዓመት ገደማ የሆነውን ዛፍ በመጋዝ አይነኩትም። በመጥረቢያ ብቻ ከሦስት አቅጣጫ እየቦረቦሩ ይገባሉ፤ በመጨረሻም መሐሉ ክፍት ይሆንና ያ ሁሉ ግንድ በሦስት ጉልቻ ላይ እንደተጣደ ድስት በሦስት ቀጫጭን እግሮች ላይ ይቆማል። ከዚያ አንደኛው ቆራጭ «አንዱ ሊተኛ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ የቀረችው እግር ትመታለች፤ ዛፉ ወደታሰበለት አቅጣጫ ይወድቃል። ሁለተኛው ዛፍ በመጀመሪያው ላይ ተሻግሮ እንዲተኛ ይደረጋል። ሲያበቁ ከዛፉ ጫፍ ቅርንጫፍ ቆርጠው በጉቶው ላይ ይተክሉታል።

የፈረሰው እንጨት አይጣልም። የጣሪያውን አግዳሚ ከውጭ በኩል የሚደግፉት ሁለት ታላላቅ ምሰሶዎች ከሃያ ዓመት አገልግሎት በኋላ ተጠርበው በኢሱዙ ወንዝ ላይ ባለው በኡጂ ድልድይ ሁለት ጫፍ የሚቆሙ በሮች፣ ቶሪዎች፣ ይሆናሉ፤ የውስጠኛው መቅደስ ምሰሶ በውስጥ በኩል፣ የውጭኛው በውጭ በኩል። ሌላ ሃያ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ ወደ ኢሴ በሚወስዱት በጥንቶቹ መንገዶች ላይ፣ በኩዋናና በሴኪ፣ እንደገና በር ሆነው ይተከላሉ። የቀረው እንጨት በመላው ጃፓን ለሚገኙ መቅደሶች ይታደላል።

ጥያቄ፦ «ለአምላኳ በየቀኑ ምግብ ይቀርባል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ማን ያበስላል?» (ወይዘሮ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ የውጭኛው መቅደስ የቆመውም ለዚሁ ነው። በትውፊቱ መሠረት አማቴራሱ ለንጉሠ ነገሥት ዩርያኩ በሕልም ተገልጣ ብቻዋን ሆና ምግብ በሰላም እንደማይወርድላት ነገረችው፤ ቶዮውኬም ከታንባ አገር እንድትመጣ ጠየቀች። ብቻውን መብላት የማይሆንለት ሰው ይህን ታሪክ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ይህ ሆነ የሚባለው ከ1500 ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ገበታው በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚቀርብ ይነገራል፤ በሞቃቱ ወራት ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በቀዝቃዛው ወራት ከጠዋቱ 3 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር።

የሚያበስሉት ካህናቱ ናቸው። ተረኛው ካህን ዋዜማውን በመቅደሱ ግቢ ያድራል፣ ገላውን ታጥቦ ይነጻል፣ ማለዳም እንጨት ከእንጨት ጋር አፋትጎ እሳት ያወጣል። ክብሪት አይገባም። ውኃው ከተለየ ጉድጓድ ይቀዳል። በገበታው ላይ ሩዝ፣ የደረቀ የቦኒቶ ዓሣ፣ ሌላ ዓሣ፣ የባሕር ሣር፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጨው፣ ውኃና የሩዝ ጠጅ ይደረደራሉ። ሩዙ ከመቅደሱ ማሳ ነው። ጨውም ቢሆን ከሱቅ አይገዛም፤ በፉታሚ የባሕር ዳርቻ በሞቃቱ ወራት ሐሩር የባሕር ውኃ ተንኖ የተገኘው ጨው በሦስት ማዕዘን የሸክላ ቅርጽ ውስጥ ተጠቅጥቆ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ይጋገራል። አሞሌ የሚያውቅ ሰው ቢያየው አይደነቅም። ሳህኖቹ ያልተለሰነ ሸክላ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ካገለገሉ በኋላ ተሰብረው ወደ አፈር ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ «በመቅደሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሕዝብ እንዳያየው ይከለላል ሲባል ታቦትን አስታወሰኝ።» (ዲያቆን፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ያታ ኖ ካጋሚ የተባለ መስተዋት እንደሆነ ይነገራል፤ ከንጉሠ ነገሥታዊው ቤት ሦስት ቅዱሳት ዕቃዎች አንዱ ነው። መከለሉ ታቦትን ቢያስታውስዎ አይገርምም፤ ይሁን እንጂ መመሳሰሉ በአክብሮቱ ወግ ላይ እንጂ በእምነቱ ላይ አይደለም። ትውፊቱ እንደሚለው ያማቶሂሜ የምትባል ልዕልት መስተዋቱን ይዛ ብዙ አገር ከዞረች በኋላ ከ2000 ዓመት በፊት በኢሴ አሳረፈችው። በ720 የተጠናቀቀው የጃፓን ዜና መዋዕል ታሪኩን ይዞታል።

መስተዋቱ የሚንቀሳቀሰው በእድሳቱ ሌሊት ብቻ ነው። ጥቅምት 2 ቀን 2013 ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በግቢው ያለው መብራት ሁሉ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ አንድ ካህን በዶሮ ድምፅ «ካኬኮ» ብሎ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ በጥንቱ ተረት አማቴራሱ ተቆጥታ ዋሻ ውስጥ በተደበቀችና ዓለም በጨለመ ጊዜ ዶሮዎች ጮኸው ስለነበር ነው። ከዚያ በነጭ የሐር መጋረጃ ዙሪያውን የተከለለ ሰልፍ፣ በተነጠፈ ነጭ ጨርቅ ላይ እየተራመደ፣ ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ተሻገረ። ከሩቅ የቆሙት ታዳሚዎች ያዩት የሚንቀሳቀስ ነጭ ነገር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ቦታው የንጉሣውያን ነው ወይስ የሕዝብ? ውሻ ሳይቀር ተሳላሚ ይሆን ነበር የሚለውስ ቀልድ ነው?» (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ጥንት የንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው በግሉ መባ ማቅረብ አይፈቀድለትም ነበር። ከንጉሣውያን ቤተሰብ የተመረጠች ድንግል ልዕልት በአቅራቢያው ባለው በሳይኩ ተቀምጣ ታገለግል ነበር፤ ይህ ሥርዓት ለ660 ዓመታት ገደማ ቆይቶ በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን ቀረ። ዛሬ ከካህናቱ በላይ ያለውን የክብር መንበር የያዙት የአሁኑ ንጉሠ ነገሥት እህት፣ ወይዘሮ ሳያኮ ኩሮዳ ናቸው።

የንጉሡ ገንዘብ ሲደርቅ ግን ሕዝቡ ገባ። በኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከ1603 እስከ 1868፣ ገበሬ ከአገሩ እንዳይወጣ በየኬላው ይጠየቅ ነበር፤ «ኢሴ ልሳለም ነው» ያለ ግን ያልፋል። የጉዞው ወጪ ከባድ ስለነበር መንደርተኛው ልክ እንደ ዕቁብ እየተሰበሰበ ገንዘብ ያዋጣል፣ ዕጣ ይጣላል፣ የወጣለት ሰው ስለ ሁሉም ሆኖ ይሄዳል፤ ሲመለስ ለየቤቱ የመቅደሱን ክታብ ይዞ ይመጣል። በየስልሳ ዓመቱ ገደማ ደግሞ፣ በ1705፣ በ1771ና በ1830፣ አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣ ነበር። አሽከር ጌታውን ሳያስፈቅድ፣ ልጅ አባቱን ሳይሰናበት ይወጣል፤ በመንገድ ያለው ሰው ያበላቸዋል፣ ያሳድራቸዋል። በ1830 በጥቂት ወራት ውስጥ የተጓዙት ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደነበሩ ይገመታል፤ የጃፓን ሕዝብ በዚያን ጊዜ 30 ሚሊዮን ያህል ነበር።

ውሻውም ቀልድ አይደለም። በእርጅና ወይም በሕመም መሄድ ያልቻለ ሰው ውሻውን ለተጓዦች አደራ ይሰጣል፤ በአንገቱ ላይ ስንቅ የሚሆን ሳንቲምና የላኪው ስም ያለበት ከረጢት ይታሰራል። ከአንዱ መንገደኛ ወደ ሌላው እየተላለፈ ኢሴ ይደርሳል፣ ክታብ ታስሮለት ይመለሳል። በዘመኑ የእንጨት ሕትመት ሥዕሎች ላይ ይህ ውሻ ከሰዎች መካከል ቆሞ ይታያል።

ከ1868 በኋላ፣ ሥልጣን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለስ፣ ነገሩ ተለወጠ። ሜይጂ በ1869 ኢሴን ሲሳለም፣ ከጂቶ ወዲህ በዙፋን ላይ ሳለ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ መቅደሱም የመንግሥት ሃይማኖት ራስ ተደረገ፣ ወጪውን መንግሥት ቻለ። ይህ ዘመን በቦታው ታሪክ ውስጥ አጭሩ ቢሆንም ጠባሳው ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። በታኅሣሥ 1945፣ ጃፓን በጦርነቱ ከተሸነፈች በኋላ አገሪቱን የያዙት የአሜሪካ ባለሥልጣናት ሺንቶን ከመንግሥት ለዩት፤ በ1949 ሊሆን የነበረው እድሳት ወደ 1953 ተገፋ፣ በሕዝብ መዋጮም ተሠራ። የ2013ቱ ከ50 ቢሊዮን የን በላይ ፈጅቷል፤ አንድም የመንግሥት በጀት የለበትም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በዚያ ሌሊት መገኘታቸው ብዙ ያነጋገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከ1929 ወዲህ በሥርዓቱ ላይ የተገኘ ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበረም።

ጥያቄ፦ «በናጎያ ነዋሪ ነኝ። የእምነቱ ተከታይ ሳልሆን መጎብኘት እችላለሁ? መቼ ብሄድ ይሻላል?» (አንባቢ፣ ከጃፓን)

መልስ፦ ማንም ይገባል፤ ስለ እምነትዎ የሚጠይቅዎ የለም፣ የመግቢያ ክፍያም የለም። እንደ ልማዱ መጀመሪያ የውጭኛውን፣ ቀጥሎ የውስጠኛውን ይጎብኙ። እጅ ታጥቦ መግባት የወግ ነው፤ ተሳላሚዎቹ ሁለት ጊዜ ይሰግዳሉ፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ፣ እንደገና አንድ ጊዜ ይሰግዳሉ፤ እርስዎ ዝም ብለው ቢቆሙም ነውር አይደለም። ከውስጠኛው መቅደስ ደረጃ በላይ ፎቶግራፍ አይነሣም። ብዙ አይጠብቁ፤ በበሩ ላይ ከተንጠለጠለው ነጭ መጋረጃ ወዲያ አይታለፍም፤ ከአጥሩ በላይ የሚታየው የሣሩ ክዳንና እንደ ቀንድ ተሻግረው የወጡት የጣሪያ እንጨቶች ናቸው። ጫፋቸውን ልብ ይበሉ፤ በውስጠኛው አግድም፣ በውጭኛው ቀጥ ብሎ ወደታች የተቆረጠ ነው። በጣሪያው አናት ላይ የተጋደሙት ግንዶች ደግሞ በውስጠኛው አሥር፣ በውጭኛው ዘጠኝ ናቸው።

መቼ ላሉት፣ መታገሥ ከቻሉ እስከ 2033 ይቆዩ። የ63ኛው እድሳት ሥርዓት በ2025 ተጀምሯል። መዛወሩ ሊፈጸም ሲቃረብ፣ በክረምታችን ወራት፣ የኢሴ ነዋሪዎችና ከየአገሩ የተመዘገቡ ሰዎች ከሚያ ወንዝ የተለቀመ ነጭ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልለው እስከ አዲሱ ቤት ግርጌ ድረስ ይገባሉ፤ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ካስቀመጡ በኋላ ገና የእንጨቱ ሽታ ያልጠፋውን ምሰሶ በቅርብ አይተው ይወጣሉ። አምላኳ ከገባች በኋላ በዚያ ጠጠር ላይ የሕዝብ እግር የሚያርፈው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በሚቀጥለው እድሳት ነው።